ሦስት ቀን የቆየው ማህደር

ለምወድሽ የድሮ ጎረቤቴ፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ልነግርሽ ነው ብዕር ያነሳሁት፦ ካረጀሁ በኋላ ነው ማንበብ የተማርኩት።

ከሁሉ በፊት ግን ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ የቶያማን በረዶ ቻለው ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሞላው፤ እሱ የተከለው ፕሪም ዘንድሮ ቀድሞ አብቧል።

ብቻዬን አይደለሁም። ዲልፉዛ የምትባል የሩቅ አገር፣ የሳማርካንድ ልጅ ቋንቋችንን ልትማር መጥታ እኔ ጋ ትኖራለች። በመጣች ሰሞን ገላዋን ታጥባ ስትወጣ የገንዳውን ሙቅ ውሃ በሙሉ ለቀቀችው። «ለእርስዎ ንጹህ ይሁን ብዬ ነው እማማ!» አለችኝ። «ልጄ፣ ታጥበን ነው የምንገባው፤ ያ ውሃ እኔን ይጠብቅ ነበር» ስላት ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ያን ቀን ሳልታጠብ አደርኩ፤ እንደዚያ ከሳቅኩ ግን ዘመን ሆኖኛል።

ከዚያ ማስታወቂያ ይዞ ከቤት ወደ ቤት የሚተላለፈው የሰፈሩ ዟሪ ማህደር መጣ። ቤትሽ ከፈረሰ ወዲህ ተራው ተገልብጦ ከእኔ ወደ ፉሳኤ ነው የሚሄደው። እንደ ደንቡ «አይቼዋለሁ» ለማለት ማኅተሜን አሳርፌ «በር ላይ አስቀምጪላት» ብዬ ዲልፉዛን ላክኋት። እሷ ግን ለአዲስ ነዋሪ የተሰጠ ሥራ መስሏት በሩን አንኳኩታ ማስታወቂያውን ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። ልመልሳት ሮጥኩና ከኋላዋ ቆሜ ሳዳምጥ ቀረሁ። ፀጉር አስተካካዩ የፉሳኤ ባል ምላጩን እንደያዘ ብቅ አለ።

«ሰፈሩ ሬዲዮ ጣቢያ ከፈተ እንዴ? የአየር ሁኔታውንም ጨምሪልና!»

«አንተ ዝም ብለህ ግባ፤ ሰውዬውን በግማሽ ጢም አትተወው» አለችው ፉሳኤ። ከዚያ ለዲልፉዛ፦ «ቀስ በይ ልጄ። እያንዳንዱን ቃል በጣትሽ እያሳየሽ።» ወደ እኔ ዞር አላለችም።

ከዚያ ወዲህ ማህደሩ በመጣ ቁጥር ፉሳኤ ሦስት መቀመጫ ታወጣለች።

ጠዋት ዲልፉዛ ትምህርት ቤት ስትሄድ የመለማመጃ ደብተሯን እያወጣሁ በጻፈችው ላይ እጽፍ ጀመር። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ አዲስ ደብተር አገኘሁ። «ተሳስቼ ሁለት ገዛሁ» አለችኝ፤ ውሸት አትችልበትም። ባለፈው መኸር ለአምስት ዓመት ሳጥበው የኖርኩት መቃብር ላይ የባለቤቴን ስም ራሴ አነበብኩት። ደስ ብሎኝ ድንጋዩን ሁለቴ አጠብኩት።

አሁን ወደሚከብደኝ ልግባ። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሴቶች የሚቀጥርበትን ዓመት አትረሺውም። ነጭ ሽርጥ እንኳ አሰፍተሽ ነበር። ማስታወቂያው ማህደሩ ውስጥ ነበር፤ ያኔ ከፉሳኤ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አንቺ ነበር የሚያልፈው። እያንዳንዱ ቤት መልሱን የሚጽፍበት ወረቀት አብሮት መጣ። የሚያነብልኝ ባለቤቴ ባሕር ላይ ነበር። ባዶውን ብሰደው ገመናዬ ይወጣል ብዬ ከሩዝ ማስቀመጫው ሥር ደበቅኩት። ሦስት ቀን። ሲደርስሽ የማመልከቻው ቀን አልፎ ነበር፤ «ፉሳኤ ዛሬ ነው የሰጠችኝ» አልኩሽ።

አንቺም ከእሷ ጋር ተኮራርፈሽ፣ ልጆችሽን ይዘሽ ለዓሣ ፋብሪካ ሥራ ወደ ቶያማ ሄድሽ። እሷ አንድ ቃል አልመለሰችም። ያኔ ነገሩ ያልገባት መስሎኝ ነበር። አሁን ሦስቱን መቀመጫዎች ሳይ እንጃ፣ ያኔም ታውቅ ኖሮ ይሆን እላለሁ።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ብቻ ቂምሽ አድራሻውን ይወቅ። ከቻልሽ ግን ፕሪሙ ሳይረግፍ ነይ። ፉሳኤ አሁንም ሻይ ስታፈላ እንደ መድኃኒት ታመርረዋለች፤ ዲልፉዛም ድምፅሽን ለመስማት ጓጉታለች።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ልጆችሽን በዙሪያሽ ያቆይልሽ።

አጥር ትጋራሽ የነበረችው ጎረቤትሽ

ከዚህ በታች ማኅተሜ አለ፤ ከጎኑ ለሁለት ማኅተም ቦታ ትቻለሁ። ደብዳቤው እኔ ቤት አያድርም። ዛሬውኑ በማህደሩ ውስጥ አድርጌ ራሴ ለፉሳኤ እወስደዋለሁ፤ እሑድ ዲልፉዛ በባቡር ታመጣልሻለች። መጀመሪያ የምትቀበለው ፉሳኤ ናት፤ ቀጥሎ አንቺ።