ሠላሳ አራተኛው ደቂቃ

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ሰማያዊው አይረባም። ኳስ ነው፤ ኳስ ካልሆነ መኪና የሚገለባበጥበት ፊልም። ጥቁሩ የሕንዱም የኮሪያውም ሞልቶታል፣ ግን አንዱ ክፍል እስኪከፈት የሰቆጣ ኔትወርክ ነፍሴን ያወጣታል። ቢጫው የቱርክ ተከታታይ አለው፤ ጥራቱን ዝቅ ካደረጉት ሳይቆራረጥ ይሄዳል። የአማርኛ ትርጉም በሦስቱም የለም። የእኛን ቋንቋ ኽምጣኛንማ ማን አስታውሶት!

ይህን ማወዳደር የጀመርኩት እህቴ ብርዛፍ ስለጠየቀችኝ ነው። ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፣ ከሄደች ስድስት ዓመቷ። ሦስቱንም የፊልም አፖች ለአንድ ወር በነፃ ከፍታ ፓስወርዱን ላከችልኝ። "ከእማዬ ጋር እዩና የሚሻለውን ንገሪኝ፣ እሱን እናስቀጥላለን" አለችኝ። ወሩ ቅዳሜ ያልቃል። እሷ ግን ስልክ ካነሳች አሥራ አንድ ቀን ሆናት።

ቢጫው ላይ "ካቆሙበት ይቀጥሉ" የሚል ቦታ አለ። ብርዛፍ የምታየው፣ ዳቦ ቤት ስላላት ሴት የሚያወራው ተከታታይ እዚያ ተቀምጧል፤ ከሥሩ የት እንደደረሰች የምታሳይ መስመር አለች። በፊት በየቀኑ አምስት ደቂቃ፣ ሰባት ደቂቃ ትሄድ ነበር። ከዚያ በላይ ቁጭ የሚያስብላት የለም። አሁን ሰባተኛው ክፍል፣ ሠላሳ አራተኛው ደቂቃ ላይ ቆማለች።

ማክሰኞ፣ 18

ከማስተምርበት ስመለስ ጎረቤታችንን ሙሉን አገኘኋት። እሷም ዐረብ አገር ኖራ የመጣች ናት። "ማዳሟ ስልኳን ነጥቃት ይሆናል፤ እኔንም ሁለት ወር ነጥቀውኝ ነበር" አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። ሌላውን ሳትናገር ወሬውን ወደ ሽንኩርት አዞረችው። ሌላው ምን እንደሆነ እኔም አላጣሁትም።

ቤት ስገባ እማዬ "ዛሬስ የት ደረሰች?" አለችኝ። መስመሯን ካሳየኋት ወዲህ እንደ ደብዳቤ ነው የምትጠብቃት። እዚያው ናት አልኳት። "ደክሟት ይሆናል" አለች።

ረቡዕ፣ 19

ዛሬ ጉድ ሠራሁ። እማዬ ልጄ የምታየውን ልይ ብላ ለመነችኝ፤ ከፈትኩላት። አማርኛዋ ገበያ አድርሶ የሚመልስ ያህል ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያነበብኩ በኽምጣኛ ነገርኳት። ሰዎቹ ሥጋ ሲበሉ ፊቷን አዞረች። "ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ? ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?" አይጾሙም ብላትም አልተዋጠላትም፤ ገበታው እስኪነሳ ግድግዳውን ስታይ ቆየች። ከስንት ቀን በኋላ ሳቅኩ።

ስዘጋው መስመሯ አርባ ዘጠኝ ላይ ናት። ለካ የከፈትኩት በራሴ ስም ሳይሆን በብርዛፍ ስም ነው። የቆመችበትን ቦታ በገዛ ጣቴ አጠፋሁት። ሰኞ ባልጽፈው ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር? ወደ ኋላ እየጎተትኩ ሠላሳ አራት ላይ መለስኩት።

እማዬ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። "ደግ አደረግሽ። የመንገደኛ ድርሻ አይነካም" አለች። አባታችን ሰሃላ ሄዶ ሲዘገይ ድርሻውን ከድና የምታስቀምጠው እሷ ነበረች። ሦስት ቀን ቢቆይ፣ ሦስት ቀን እየለወጠች።

ሐሙስ፣ 20

ኔትወርክ ቀኑን ሙሉ የለም። ተማሪዎቼ ላይ ያለ ነገሩ ጮህኩ።

እስካሁን የሞከርኩት፦
የላካት ደላላ። ቁጥሩ አይሠራም።
አብራት የሄደችው ልጅ። ሌላ ከተማ ናት፣ አታውቅም።
አንድ ቢሮ። "የአሠሪዋ ስም ማን ነው?" አሉኝ። ማዳም ከማለት በቀር አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኳትም።

ዓርብ፣ 21

ማርያም ናት። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለስ ኔትወርክ መጣ።

ሠላሳ ሰባት!

እኔ አልነካሁትም። እማዬ ስልክ መክፈት አትችልም። ሦስት ደቂቃ አይታለች። ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ደገምኩ፣ ዝግ። "ቢጫው ይሻላል፤ ኮዱን ላኪልኝ" ብዬ ጻፍኩላት። ለማስቀጠል በእሷ ስልክ የሚገባ ኮድ ያስፈልጋል። የት ነሽ፣ ምን ሆነሽ ብዬ አልጻፍኩም፤ ሌላ ሰው ቢያነበውስ?

እማዬ ስትሰማ እልል አለች። እኔ ግን ደስታዬ አንድ ሰዓት አልቆየም። ስልኩ በሌላ ሰው እጅ ቢሆንስ? የማዳሟ ልጅ ሲጫወት ነክቶት ቢሆንስ? ለእማዬ አልነገርኳትም።

ቅዳሜ፣ 22

ሰማያዊው ጠዋት ተዘጋ። ጥቁሩ ተከተለው። ቢጫውን ስከፍት ስዘጋ ዋልኩ፤ እስከ ስምንት ሰዓት ሠላሳ ሰባት ነበር። ከዚያ "ነፃ ጊዜዎ አብቅቷል፤ ወደ ስልክዎ የተላከውን ኮድ ያስገቡ" አለ። ከሥሩ አራት ባዶ ሳጥን። መልእክቴ አሁንም አልደረሳትም።

መስመሯን ከእንግዲህ አላያትም። ያለኝ የዓርቡ ሠላሳ ሰባት ብቻ ነው።

እሑድ፣ 23

ለብርዛፍ መልሱን ጽፌ ላክሁ። ኳሱንም፣ ሕንዱንም፣ ኮሪያውንም፣ የቱ እንደሚቆራረጥ፣ የቱ እንደማይቆራረጥ። በመጨረሻ ቢጫው ይሻላል ያልኩት አንቺ ስላለሽበት ነው አልኳት። አልደረሳትም።

እማዬ ነጠላዋን ሳታወልቅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "ዛሬስ የት ደረሰች?"

"አርባ" አልኳት።

"እሰይ፣ እየሄደች ነው።"

ነገ አርባ አራት እላታለሁ። ክፍሉ የሚያልቀው ሃምሳ ሁለት ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደምላት አላውቅም።