ሃያ ስድስት ዞን በአራት ደቂቃ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያ ጉልበትህ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጣ ያምሃል ወይስ ለቀቅ አደረገህ? የእማዬስ ጥርስ? ተነቀለ ወይስ ገና ከሐኪሙ ጋር ድብብቆሽ ላይ ናት? እኔ ቀሚሴ እስኪጠበኝ ድረስ ደኅና ነኝ። ናፍቆት ያከሳል የሚሉት በእኔ አልሠራም።

ባለፈው በስልክ "ልጅህ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ኮምፒውተር ላይ ትቀመጣለች እላለሁ፤ ዶሮም እንቁላል ላይ ትቀመጣለች" ብለህ አስቀኸኛል። መስመሩ እየተቆራረጠ ስላልተመቸኝ ይኸው በጽሑፍ ልንገርህ፤ ደግሞም የማወራህ ጉድ አለኝ።

የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ መሆኑን ታውቃለህ። ምድር ቤት፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ሰርቨር የሚባል ጉልበታም ኮምፒውተር አለ። ሲያዩት አንድ ነው፤ ውስጡ ግን ሃያ ስድስት ቦታ ተከፍሎ እያንዳንዱ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር ይሠራል። ዞን እንላቸዋለን። አንዱ የካርድ ክፍሉ ነው፣ አንዱ የላብራቶሪው፣ አንዱ የመድኃኒት ቤቱ። አዲስ ፕሮግራም ሲመጣ በየዞኑ መጫን አለበት። ይህን ለዐሥራ አንድ ዓመት በእጃቸው ሲሠሩ የኖሩት ጋሽ መዝገቡ ናቸው። መዝገቡ የእናት አባት ስማቸው አይደለም፤ የሠሩትን ሁሉ ደብተር ላይ ስለሚያሰፍሩ የወጣላቸው ነው። አንዱን ዞን ጨርሰው ወደ ሌላው እያሉ ሁሉንም ለማዳረስ ሁለት ቀን ይፈጅባቸው ነበር።

እኔ የተቀጠርኩት ይኸው ሥራ በራሱ እንዲሄድ ለማድረግ ነው። ትእዛዙን አንዴ ጽፈህ የምትሰጠው መሣሪያ አለ፤ እሱ በየዞኑ እየገባ የጎደለውን ይጭናል፣ የተጫነውን ያልፋል፣ ሲጨርስ አረንጓዴ ምልክት ያሳያል። ጋሽ መዝገቡ ይህን የሰሙ ዕለት ፊታቸው ጠቆረ። ሰላምታዬን እንኳ በአገጫቸው ብቻ መመለስ ጀመሩ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት አንተ ታውቃለህ። አንዲት ነገር ሳልጠይቃቸው ሦስት ሳምንት ብቻዬን ጻፍኩ።

የዛሬ ወር፣ ረቡዕ ጠዋት ትእዛዙን ሰጠሁ። አራት ደቂቃ! ሃያ ስድስቱም አረንጓዴ። ከወንበሬ ተነሥቼ አጨበጨብኩ። ጋሽ መዝገቡ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ደብተራቸው ተመለሱ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፋርማሲስቷ እያለከለከች ወረደች። መድኃኒቱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት አልታተም ብሏት ሰልፉ እስከ በር ደርሷል። ለካ ማተሚያዋ አሮጌ ነው፤ ከአዲሱ ፕሮግራም ጋር አይግባባም። ጋሽ መዝገቡ ያን ዞን ሆን ብለው በአሮጌው ላይ ትተውት ኖሯል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ደግሞ የቀረው ዘጠኝ ቀን!

አለቃችን መጥተው "ማን ነው የነካው?" አሉ። "እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቅ ነው የሠራሁት" አልኩ። ያኔ ጋሽ መዝገቡ መነጽራቸውን አወለቁና "እኔም አለሁበት" አሉ። "እንደሚበላሽ አውቅ ነበር። ስትወድቅ ልያት ብዬ ዝም አልኩ። የእኔ ቂም ግን የደረሰው ለበሽተኛ ነው።" አባዬ፣ ትልቅ ሰው በሰው ፊት እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። አለቃችንም "እንግዲያው ሁለታችሁም አስተካክሉት" ብለው ወጡ።

ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሳቸው ከደብተራቸው ያነብባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አዲሱን አንሥተን አሮጌውን መለስን። ፋርማሲስቷ ያን ጊዜ ሁሉ በእጇ እየጻፈች፣ "በቀን ስንቴ አልኩህ?" እያለች በሽተኛውን እንደ ተማሪ ታስደግም ነበር። በአርባ ደቂቃ ማተሚያው መንጫጫት ሲጀምር አንዲት እናት "የለም፣ እኔ በእጅ የተጻፈውን ነው የምፈልገው" ብለው እምቢ አሉ አሉ።

ከዚያ ወዲህ የእኛን ነገር ብታይ! የጋሽ መዝገቡን ዐሥራ አራት ደብተር ሁለት ሳምንት ሙሉ አብረን አገላበጥን። የትኛው ዞን ምን እንደማይስማማው ሁሉም እዚያ አለ። አሁን መሣሪያው መድኃኒት ቤት ሲደርስ አሮጌውን ሳይነካ ያልፋል። ደግሞም አንድ የመሞከሪያ ዞን አበጀን፤ እዚያ ሳይሞከር የትም የሚጫን ነገር የለም። ይህ የጋሽ መዝገቡ ሐሳብ ነው። ሥራው ባለቀ ዕለት ወንበሬን ለቀቅሁላቸውና ትእዛዙን ራሳቸው ሰጡ። ሰዓታቸውን አዩና "አንቺ ልጅ፣ ዐሥር ዓመት ቀድመሽ ብትመጪ ወገቤ ይተርፍ ነበር" አሉኝ።

የሙከራ ጊዜዬንም አለፍኩ። ጋሽ መዝገቡ ከስንት ዓመት በኋላ የዓመት ፈቃድ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ትናንት ደውለው "ምን ተበላሸ?" አሉ። "ምንም" አልኳቸው። "እስቲ በደንብ ፈልጊ" ብለው ዘጉት።

እትዬን ከነባሏ ሰላም በልልኝ። መንታዎቹን አንድ አንድ ጊዜ ሳምልኝ፤ አንዱን አብልጠህ እንዳታጣላቸው። ማሙሽን ፈተናው እንዴት እንደሆነ ራሱ ይጻፍልኝ በለው። እማዬን ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እጇን ሳምልኝ።

አሁን የምነግርህ ግን ለአንተ ብቻ ነው፤ ደብዳቤውን ጮክ ብለህ ስታነብላቸው እዚህ ስትደርስ ሳል ይያዝህ። ጋሽ መዝገቡ ሲመለሱ ተራው የእኔ ነው፤ ሃያ ቀን ተፈቅዶልኛል። በሩን የምትከፍተው እማዬ ትሁን።

ልጅህ ሚጢጢ

ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ በምሳ ሰዓት
ኅዳር ፲፪ ቀን