የፔዳሉ ቀለም

የካቲት 3 ቀን 1973፣ ማክሰኞ

ዛሬም ቀለሙ አልመሰለም። ቀላቀልኩ፣ ቆርቆሮ ላይ ቀባሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ሲደርቅ የቀበሌ በር መሰለ። ሱቅ የሚገኘው አረንጓዴ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። የቀበሌው በር፣ የትምህርት ቤቱ አጥር፣ የሽንት ቤቱ መዝጊያ፣ ሁሉም እሱኑ ለብሰዋል። ያንገሸግሻል። የቲነሩ ሽታ ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጦ ምሳ አልበላልኝ አለ።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ መኪናው የሐጂ አብዶሽ ነው። ከአንድ ጣሊያን የገዙት አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና። ጋቢናው የጥንት ቀለሙን እንደያዘ ነው፤ ሰማያዊም አረንጓዴም አይደለም፣ መሐል ላይ ያለ ነገር። እሱን እንዳትነኩብኝ ብለዋል። ጣጣው ጥቃቅኑ ነው። የነዳጅ ክዳን፣ የመብራት ክፈፍ፣ የመስታወት ክንድ፣ የፍሬን ፔዳል። ከወዳደቀ መኪና ተለቅመው የመጡ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ። እነሱን ከጋቢናው ጋር ማመሳሰል የኔ ፋንታ ሆነ። እሑድ 15 ሐጂ ልጃቸውን ይድራሉ። መኪናው ዘመድ አዝማዱን ጭኖ በደንገጎ ቁልቁለት ድሬዳዋ ይወርዳል። እስከዚያ ማለቅ አለበት።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

ተሰማ ጮኸብኝ። የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት፣ የሚስቴ ታላቅ ወንድም። ስሙን ሙሉ መጻፍ ታከተኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ተ. ነው። ሲያኝክ አፉን አይገጥምም። እያኘከ ይቆጣል፣ ፍርፋሪው ቀለሜ ላይ ይወድቃል።

ጥፋቱ ግን የኔ ነው። ጋቢናውን ከውጭ ዓይቼ ነበር የምቀላቅለው። የውጩን ፀሐይ በልቶታል። ፔዳሉን በእሱ ቀብቼ ውስጥ ባስጠጋው የበሽተኛ ፊት መሰለ። የውስጡን ቅራፊ እንዳልፍቅ አትንኩብኝ ተብሏል፤ ከመኪናው ስም ሰሌዳ ሥር ፀሐይ ያላየው ቀለም ይኖራል ብዬ ሰሌዳውን ፈታሁት። ዝገት ብቻ።

ተ. ከሁሉ ፔዳሉን አደራ ይላል። ፔዳሉ ቁርጥ አብሮ የተወለደ ይምሰል። ለምን ፔዳሉ? የሚረገጥ ነገር!

የካቲት 6፣ ዓርብ

በኤረር በር የከተማውን ግንብ አልፌ ሐጂ ቤት ሄድኩ። መኪናውን ሲገዙ የተረፈ ቀለም አብሮ መጥቶ ነበር አሉ፣ ቤት ውስጥ ተቀብቶ አለቀ። የት እንደተቀባ ባለቤታቸውን ጠየቁልኝ። አባይ ፋጡማ፤ እዚህ ግንብ ውስጥ ትልቅ ሴት አባይ ነው የምትባለው። ለሰርጉ ኖራ እየቀቡ ነበር፣ እስከ ክርናቸው ነጭ። ግድግዳው በየዓመቱ ከአረፋ በፊት ይቀባል፣ ላዩ ላይ፣ ላዩ ላይ። እዚህ የድሮ ቀለም ፍለጋ ጉድጓድ መቆፈር ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። እሳቸው ግን ግድግዳው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቁም ሣጥን ከፈቱ። መዝጊያዋ በውጭ ሮዝ፤ በውስጥ፣ እሱው! ፀሐይ ያላየው፣ ብሩሽ ያልደገመው ቀለም።

እኛ የምንቀባው እንግዳ የሚያየውን ነው ብለው ሳቁብኝ። ቅራፊ ፍቄ በጋዜጣ ጠቀለልኩ። መንገድ ላይ ለብቻዬ ሳቅሁ። ከስንት ቀን በኋላ።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ተገኘ! አረንጓዴው ላይ ሰማያዊ፣ ጥቂት ቢጫ፣ ጥቁር በእንጨት ጫፍ ብቻ። ለውጭ ዕቃዎቹ ነጭ ጨምሬ አሳሳሁት። ለፔዳሉ እንዳለ። ጋቢናው ውስጥ ሳስጠጋው ጠፋ፣ ከሌላው አይለይም። ተ. ሳይቀር አፉን ገጠመ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽሽም ማስታወሻዬ።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ፔዳሉ ክንድ ላይ መስመር አለ። ዛሬ ፀሐይ ላይ ነው ያየሁት። ቀለሙ እዚያ ጋ ብቻ ደብዝዟል። ብረት ቀለም አይጠጣም፤ ቀዳዳ የሚደፈንበት ስቱኮ ግን ይጠጣል። ፔዳል ላይ ስቱኮ የሚለጥፍ ማነው? በምስማር ነካሁት፣ ተፈረፈረ። ከሥሩ ስንጥቅ። ስንጥቁ ላይ እንደ ነገሩ ጣል ጣል የተደረገ ብየዳ።

ተ.ን ጠየቅሁት። አልደነገጠም። ሌላ ፔዳል የለም፣ ሐጂ ካወቁ መኪናውን ሌላ ጋራዥ ይወስዱታል፣ ደሞስ ሰርጋቸውን ለምን እናበላሻለን አለ። እየበላ ነው ይህን ሁሉ የሚለው። ደግመህ ቀባው፣ መስመሩ ይጥፋ አለኝ።

ለካ ቀለሙ ቁርጥ እንዲመስል የፈለገው ለዚህ ነው።

ደግሜ ቀባሁት። አዎ፣ ቀባሁት። የሚስቴ ወንድም፣ እንጀራዬ፣ ምናምን። እጄን በቲነር ታጠብኩ፣ በሳሙና ታጠብኩ። ይሸተኛል። እሱን ተጸየፍኩ፣ ከእሱ ይልቅ ራሴን።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ሐጂ ከጁምዓ በኋላ መጡ። ዓይናቸው ደክሟል፣ በጣታቸው ነው የሚያዩት። ክዳኑን ዳሰሱ፣ ክፈፉን ዳሰሱ። ፔዳሉን አንስተው ወደ ፊታቸው አስጠጉ። «ማሻአላህ፣ የመጣ ዕለት ይኸው ነበር ወላሂ» አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው መረቁ። እጄን! እሑድ የሚነዳው የገዛ ልጃቸው ረመዳን ነው፣ የሙሽራዋ ወንድም። አንተም ና፣ ከኋላ ከሴቶቹና ከልጆቹ ጋር ቦታ አለ አሉኝ።

ተ.ንም ጋበዙት። ሥራ አለብኝ አለ፣ ቶሎ ብሎ።

 ፔዳሉ ነገ ረፋድ ይገጠማል። ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ደጃፍ ተቀምጬ ፔዳሉን ስፍቅ ነጋ። እንደዚያ የመሰለ ቀለም በሕይወቴ ቀላቅዬ አላውቅም። በብርጭቆ ወረቀት አወረድኩት። ቀለሙ ሄደ፣ ስቱኮው ሄደ። አሁን ስንጥቁን ዓይነ ደካማም በጣቱ ያገኘዋል።

ሚስቴ አስቴር ወጥታ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ወንድሟ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀች። ያውቃል አልኳት።  ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ እኔ ያልደረስኩበትን ጎን ፈቀፈቀችው።

ተ. ያባርረኛል። ያባርር። ፔዳሉን ይዤ ኤረር በር ልሄድ ነው፣ ሐጂንም ረመዳንንም አስጨብጣቸዋለሁ። አስቴር ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ቶሎ በል ትለኛለች። ብቻህን አትሄድም፣ ወንድሜ ነው፣ እኔው ነኝ የምነግራቸው ብላኛለች።