ሥዕላዊው ቤታችን

ብራምዌል፣ ዋይ ወንዝ ዳር
ዲሴምበር 3 ቀን 1797

ለምወድሽ ልጄ ለኬቱራ፣

ይህ ወረቀት ባሕሩን ተሻግሮ እጅሽ እስኪገባ እዚያ ሃሊፋክስም በረዶው ከብዶ ይሆናል። አንቺስ፣ ባልሽ ሪስስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናችሁ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ድሮም የኔ ወገን አልነበረም።

ደብዳቤሽ በጋ ላይ ደርሶኛል። እስካሁን ዝም በማለቴ አትቀየሚኝ፤ ደስ የሚል መልስ ልጽፍልሽ ብዬ ነበር የቆየሁት። ሁለት ነገር ጠይቀሻል። አንደኛው፣ ሪስ በጸደይ ከውትድርናው ሲሰናበት ልጆቹን ይዛችሁ ብትመጡ ቤት የምታድሩበት ቦታ አለ ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የሻምበሉ ሚስት ወደቡን ባየች ቁጥር “ሥዕላዊ ነው” የምትለው ምን ማለቷ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ይቀለኛልና ከሱ ልጀምር።

ልጄ፣ ይህን ቃል እንደኛ ያወቀው ሰው የለም። ቆንጆ ማለት እንዳይመስልሽ። ቆንጆ ማለት ልስልስ ያለ፣ የተስተካከለ፣ አዲስ ነገር ነው። ሥዕላዊ የሚባለው ሻካራው፣ የተንጋደደው፣ ግማሹ የፈረሰው ነው፤ ተሥሎ ሳሎን ቢሰቀል የሚያምረው። ከፈረስ አህያ ይበልጣል፣ ከጎረምሳ ሽማግሌ ይበልጣል፣ ከደኅና ግድግዳ የተሰነጠቀ ይበልጣል። ይህን ያስረዱኝ ጌታው ሚስተር ቴረል ራሳቸው ናቸው። “ታዲያ ጌታዬ፣ የርስዎ ቤት ለምን ቀጥ ብሎ ተሠራ?” ብላቸው ከልባቸው ሳቁ። “እኔማ እኖርበታለሁ፣ አሞስ” አሉኝ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው ይህ ነገር የያዛቸው። በወንዙ ዳር የተደረደሩትን የጭሰኞች ቤቶች፣ ቀጥ ያለ መሥመር ዓይን ያቆስላል ብለው በሙሉ አስፈረሱ። የኛ ብቻ ተረፈች። ገደሉ ሥር ተጠግታ፣ ሐረግ ወርሷት፣ ጣሪያዋ መሐሉ ሰምጦ፣ ጎረቤት የሚስቅባት የኛ ቤት። እናትሽ ያን ቀን ተንበርክካ አመሰገነች። እኔም ባርኔጣዬን አውልቄ አጠገቧ ቆምኩ፣ ምን ላድርግ።

እንድንኖር የተፈቀደልን ግን ምንም ነገር እንዳንነካ ነው። ጣሪያው እንደሰመጠ፣ ሐረጉም ግድግዳውን እንደሰነጠቀ ይቀመጥ ተባልን። ከወንዙ ማዶ ኮረብታው ላይ የድንጋይ ወንበር ተሠራ፤ እንግዶች በጀልባ እየመጡ እዚያ ተቀምጠው እኛን ያያሉ። ያያሉ ስልሽ ደግሞ ፊት ለፊት አይደለም። ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ትንሽ ጥቁር መስታወት ከፍ አድርገው በሱ ውስጥ ነው የሚያዩን። በመስታወቱ ውስጥ የበለጠ ሥዕል እንመስላለን መሰለኝ።

ጭሱ ደግሞ አለ። ከማዶ ነጭ መሐረብ ሲውለበለብ እርጥብ እንጨት ምድጃ ውስጥ መክተት አለብን፤ ገደሉ ላይ ሰማያዊ ጭስ ሲሳብ ያምራቸዋል። በኦገስት ሙቀት ሳይቀር። የእናትሽን ደረት ታውቂዋለሽ።

እኔ በየደብሩ የሰው ቤት በስንዴ አገዳ ስከድን ያረጀሁ ሰው፣ የራሴ ቤት በላዬ ላይ ያንጠባጥባል። መቃብር ቆፋሪው ጃቤዝ አፉ መቼ ያርፋል፤ “አሞስ፣ የሰው ቤት ከድነህ ስትመለስ ባርኔጣህን እንዳታወልቅ፤ ቤትህ ስትገባ ነው የሚያስፈልግህ” ይለኛል። እኔም እስቅ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን አልጋችንን ከጥግ ወደ ጥግ ስንጎትት ከረምን፣ የእናትሽም ሳል ከበረዶው ጋር ሳይሄድ ቀረ። ሐኪም አላስፈለገኝም፤ አንድ ክረምት ደረቅ ቦታ ካልተኛች እንደማትተርፍ ገብቶኛል።

በጋ ሲገባ ጌታው ዘንድ ሄድኩ።

“ጌታዬ፣ ሚስቴ ታማብኛለች። ጣሪያውን ልክደነው።”

“አሞስ፣ አዲስ ክዳን እኮ ቢጫ ነው። ገደሉ ላይ እንደ ቢጫ መጣፊያ ይሆናል።”

“ባንድ ክረምት ይጠቁራል፣ ጌታዬ።”

ክፉ ሰው አይደሉም፤ አሰቡበት። “ከወንበሩ የማይታየውን የጓሮውን ወገን እንዳሻህ አድርገው” አሉኝ።

ልጄ፣ ቤት በግማሽ አይከደንም። ሁለቱ ወገን ጉልላቱ ላይ ካልተሳሰረ ውሃው በዚያው ይገባል። አውቄው ነው የሠራሁት፤ የተሰጠኝ እሱ ብቻ ነበራ። እናትሽ ከታች ሆና ነዶውን ታቀብለኛለች፣ እየሳለች ደግሞ ትሰድበኛለች፤ “አንተ ሰውዬ፣ ለቄሱ ቤት እንዲህ አልተጨነቅህ!” እውነቷን ነው። በዕድሜዬ እንደዚያ አድርጌ ከድኜ አላውቅም። አልጋችንን ወደዚያ ወገን አዞርን፣ ከጎኑ ለልጆችሽ የሚሆን ቦታ ለካን። መጀመሪያ የዘነበ ጊዜ እናትሽ አንጋጣ ተኝታ “አሞስ፣ እሰማዋለሁ እንጂ አይነካኝም” አለችኝ። በማግስቱ ኑ ብዬ ልጽፍልሽ ወረቀት ገዛሁ። ይኸው ነው ወረቀቱ።

በሴፕቴምበር ጌታው ከቤታችን ጀርባ ወደ ፏፏቴው የሚያወጣ አዲስ መንገድ አስቆረጡ። መንገዱ ጫፍ ላይ ሁለተኛ ወንበር ተቀመጠ። ከዚያ ወንበር ጓሯችን ወለል ብሎ ይታያል። አንድ ሥዕል የሚሞክር ወጣት ጌታ አይቶት “ለማኝ የወርቅ ጥርስ ያስተከለ ይመስላል” ብሎ አሳቃቸው አሉ። የርስቱ ሹም ሳይውል ሳያድር መጣ። ቅጠሉ ሳይረግፍ ከለንደን እንግዶች ስለሚመጡ ክዳኑ ይውረድ፣ እምቢ ካላችሁ ውጡ አለን።

ጌታውን እስከ ጸደይ እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው። እንግዶቹ በጸደይ አይመጡም ተባልኩ። ሌላ ደብር ደግሞ በስተርጅና ማን ይቀበለናል? የቀረን የድሆች ቤት ነው፣ እዚያም ወንድ ለብቻ ሴት ለብቻ ነው የሚያድረው።

“አውርደው” አለች እናትሽ።

“ባወርደው ምን ትሆኛለሽ?”

“ባታወርደውስ? ያላንተ የድሆች ቤት ገብቼ አላስልም። ደግሞ ልጅቷ ስትመጣ የምታንኳኳው በር ይኑራት።”

ወጥቼ አወረድኩት። እንግዶቹ ያን ቀን ቀድመው መጥተው ኖሮ፣ ጣሪያው ላይ ሆኜ አገዳውን ስነቅል አንድ አሽከር እየሮጠ መጣ። “አሞስ፣ እንዳለህ ትንሽ ሳትንቀሳቀስ ቁም ብለዋል፤ እየሣሉህ ነው” አለኝ። ደመናው ከዌልስ በኩል ጠቁሮ እየመጣ ነው፣ እናትሽ ከሥሬ ትስላለች፣ እኔ ነዶ ታቅፌ ቆሜአለሁ። ቆምኩላቸው፣ ልጄ። ሥዕላዊ ማለት ያ ነው፤ ለሻምበሉ ሚስት ንገሪያት።

ከዚያ ዝናቡ አላባራም። አሮጌ ሸራ ብወጥር ከወንበሩ ይታያል ብለው አስነሱብኝ። መሐረቡም መውለብለቡን አላቆመም፤ እኔ ሥራ በዋልኩበት እናትሽ እየተነሳች እርጥብ እንጨት ትከት ነበር። ተይው ብላትም አልሰማችኝም። “ያስወጡናል” ነበር መልሷ።

አሁን እናትሽ አታስልም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ ልመለስ። ቦታ አለ ወይ ላልሽው፣ ቦታማ አለ፤ ቤቱ አሁን ሰፍቷል። ግን አትምጪ። በጸደይም ሆነ ከዚያ በኋላ ልጆቹን ወደዚህ እንዳታመጪ። ሪስ እዚያ መሬት ይሰጡኛል ካለ ይቀበል፣ ዛፍም ቢበዛበት መንጥሮ ይቀመጥ።

ጌታው ማዘናቸውን ነግረውኛል፤ እውነትም አዝነዋል። እንግዶች ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ስለሚወዱ ጺሜን እንዳሳድግም ልከውብኛል። ዛሬ ጠዋት ተላጭቻለሁ።

ያወረድኩትን አገዳ አልጣልኩትም። ንጹሑን መርጬ፣ አዲስ ችንካር ጠርቤ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ከዝግባው ዛፍ ሥር ለእናትሽ ወሰድኩላት። ጃቤዝ አካፋውን ተደግፎ “አሞስ፣ ምን እያደረግህ ነው? አፈር ላይ ክዳን?” አለኝ። አርፈህ ሥራህን ሥራ አልኩት። ሁለቱንም ወገን ከደንኩ፣ ጉልላቱንም አሰርኩ። ትናንት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ዛሬ እጄን ከሥሩ ሰድጄ አየሁት፤ ደርቋል። ከየትኛውም ወንበር አይታይም።

ልጆቹን ሳሚልኝ። እግዚአብሔር ጤና ይስጣችሁ፣ እንጀራችሁን አያሳጥርባችሁ። ቤትሽ ማንም ዞር ብሎ የማያየው፣ ቀጥ ያለና ደረቅ ይሁንልሽ።

አባትሽ
አሞስ ፕሮበርት