ሦስት መልክ ስላለው ቁልፍ፣ ለክቡር ኃላፊያችን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር አገልግሎት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤንነትን፣ ከጠረጴዛዎም ላይ እንደ ልማዱ አዲስና ፈጣን ኮምፒውተር እንዳይታጣ እመኛለሁ። እኔ በእርስዎ ሥር የምሠራ ፕሮግራም ጸሐፊ ስሆን፣ ለሠራተኞች ማስታወቂያ ሰሌዳ የታሰበውን ይህን ደብዳቤ በስልኬ የምጽፈው በደም ክፍሉ በር ላይ ወዲያና ወዲህ እያልኩ ነው። ታናሽ እህቴ ፎቅ ላይ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ናት፤ ደም እየፈሰሳት ነው፤ የደሟም ዓይነት በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ደሙ በክፍሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይኑር አይኑር የሚያውቀው እርስዎ ያስገቡልን አዲሱ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ እሱም በመከፈት ላይ ይገኛል። እስኪከፈት ድረስ ምስጋናዬን ላቅርብ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ክብደቱ አመሰግናለሁ። አዲሱ ፕሮግራም በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ነው፤ ከእሱ በፊት የምንሠራበት፣ እኔ የጻፍኩትም እንደዚያው ነበርና በቋንቋ አንጣላም። ልዩነታችን የእርስዎ ምርጫ አንዲት መስኮት ለማሳየት ሙሉ ብሮውዘር፣ ማለትም የኢንተርኔት ገጾች መክፈቻውን እንዳለ፣ ተሸክሞ መምጣቱ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ለማቅረብ ታንከሩን በደረጃ እንደ መጎተት ማለት ነው። የእኔው ምስኪን ግን እንግድነቱን ስለሚያውቅ፣ መስኮቱንም ቁልፉንም የጽሑፍ ሳጥኑንም ከተቀመጠበት ኮምፒውተር ይዋስ ነበር። ስለዚህ ቀላል ነበር። አንዴ የተጻፈው ያው ፕሮግራም በሦስቱም ዓይነት ኮምፒውተሮች፣ በእንግዳ መቀበያው ዊንዶውስ፣ በደም ክፍሉ አሮጌ ሊኑክስና በእርስዎ ማክ ላይ ጠቅ ሲያደርጉት ወዲያው ይከፈት ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥልቅ ምርመራዎ አመሰግናለሁ። ኮሚቴ ሰብስበው፣ ሦስቱን ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን አስደርድረው፣ «ፈልግ» የሚለው ቁልፍ በአንዱ ላይ ግራጫ፣ በሌላው ላይ ጠርዙ የተሞረደ፣ በሦስተኛው ላይ ሰማያዊ መሆኑን ደርሰውበታል። የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውንም ተጠራጠሩ። መልኩ የሚለያየው ቁልፉ የየኮምፒውተሩ የራሱ ስለሆነ ነው፣ ፕሮግራሙን ቀላል ያደረገውም ይኸው ነው ብዬ ላስረዳ ብሞክር፣ «ወጥነት ይጎድለዋል» ብለው ነገሩን ዘጉት። በማግሥቱ የእኔ ፕሮግራም ከሁሉም ላይ ተነቀለ፤ የደሙ መረጃም ወደ አዲሱ ተዛወረ። አዲሱ በእርግጥ የትም ቢሄዱ አንድ ዓይነት ቁልፍ ነው ያለው። እርስዎ የሞከሩት በራስዎ ማክ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ያን ቁልፍ ለማየት እዚህ ምን ያህል እንደሚጠበቅ አላዩም። በዚህ አልወቅስዎትም፤ ደም ክፍሉ ምድር ቤት ነው፣ ደረጃውም ያደክማል።

እንዴት ትችሉታላችሁ ቢሉ፣ ዘዴ ተገኝቶለት ነበር። እትዬ ፕላስተር የምንላቸው የደም ክፍሉ ሠራተኛ ይህን ስም ያገኙት፣ ፕሮግራሙ አንዴ ከተከፈተ ማንም እንዳይዘጋው የኮምፒውተሩን ማጥፊያ በቁስል ፕላስተር ስላሸጉት ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳን በዚያ በኩል ስታልፍ ትንፋሿን ውጣ ነው። ዛሬ ግን ማንም ሳይነካው፣ ፕሮግራሙ ራሱን ማደስ አሰኘውና በገዛ ፈቃዱ ተዘጋ። ለዚህ የሚሆን ፕላስተር የለንም።

ሦስተኛውን ልጽፍ ስል አዋላጇ ከፎቅ ወርዳ «ምን ነካችሁ፣ ደሙ የታለ?» አለች። እትዬ ፕላስተር ወደ ስክሪኑ ጠቆሙ። የሆስፒታላችን አርማ መሀል ላይ እየተሽከረከረ ነው፤ በጣም ያምራል። አዋላጇ አንዴ አየችውና ተመልሳ ሮጠች። ፊደል ብገድፍ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈርቻለሁ። ይህን በጨዋ አማርኛ የምልበት ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ሦስተኛ፣ «ያለ ፕሮግራሙ ፈቃድ ከማቀዝቀዣው ደም ማውጣት ክልክል ነው» ስለሚለው መመሪያዎ አመሰግናለሁ። በማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ ደጋግሜ እያነበብኩት ነው፤ ፊርማዎ ግልጽና የረጋ ነው። እትዬ ፕላስተርም አንዴ መመሪያውን፣ አንዴ እኔን አዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ወለሉን ጨረስከው እኮ፤ ና ይህን በር ያዝልኝ» ብለው ማቀዝቀዣውን ከፈቱት። አሁን ከረጢቶቹን አንድ በአንድ እያነሡ ጽሑፋቸውን ወደ ብርሃን እያስጠጉ ያነባሉ። የቀሩኝ ምስጋናዎች ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን በአንድ እጅ በር፣ በሌላው ስልክ ይዞ ክቡርነትዎን ማመስገን አቃተኝና እዚህ ላይ ለማቋረጥ ተገድጃለሁ።

ለወጥነት ያለዎት ጽኑ ፍቅር ሳይጓደል፣ አርማውም ያለ ዕረፍት እየተሽከረከረልዎ ዘመንዎ ይለምልም ዘንድ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ።

መመሪያዎ የተለጠፈበትን በር በትከሻው ደግፎ የቆመ፣
ትናንት ፕሮግራም ጸሐፊ፣ ዛሬ በር ያዥ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን የምጨምረው ተቀምጬ ነው። ደሙ ከታችኛው መደርደሪያ ተገኝቶ ደርሶላታል። እህቴ ዓይኗን ገልጣለች፤ ልጇ ሴት ናት፣ ጩኸቷም ኮሪደሩን ሞልቶታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ በቅድሚያ ያቀረበውም ጥያቄ «የሚፈልጉት ደም ለአስቸኳይ ሕመምተኛ ነው?» የሚል ነበር። እትዬ ፕላስተር መነጽራቸውን አስተካክለው «አይደለም» የሚለውን ተጫኑ።