ካውያ የያዘችው የጨረቃ ሴት

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ምንም አልሆንኩም እያልሽ የሰው አንሶላ ስትተኩሺ ነው የምትውዪው? አባዬስ ሬዲዮኑን እያስጮኸ ያስቸግርሻል? እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ፤ ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

ያ በየአሳታሚው ደጅ ሳንከራትተው የከረምኩት ታሪክ ስለምን እንደሆነ ነግሬሽ አላውቅም። ከጨረቃ ወርዳ ሚስቱ የሞተችበትን ሰው ስላገባች ሴት ነው። ሴትየዋ ምድር ላይ ክብደት የላትም፤ ነፋስ ወደ ሰማይ ይዟት እንዳይሄድ የትም ስትሄድ ካውያ አንጠልጥላ ነው። እቤት የጠበቀቻት የሰውየው ልጅ ደግሞ ኩርፊያዋ አይጣል ነው። ማንን እንደምትመስል አትንገሪኝ።

በመጨረሻ አንዲት ትንሽ አሳታሚ አገኘሁ። ከመነጽር ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪና እህቱ ናቸው የሚሠሩባት። በዓለም ላይ ሆኖ የማያውቅ ነገር ካልሆነ አያትሙም። ደንባቸውም ለየት ይላል። ጽሑፉ ላይ የደራሲው ስም አይጻፍም። ወንድም ጮክ ብሎ ያነባል፣ እህት ሹራብ እየሠራች ታዳምጣለች፤ እጇ ቀጥ ብሎ የቆመበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረጋል።

ተጠርቼ ስሄድ ካውያው በተነሳበት ገጽ ሁሉ ምልክት አለ። ወደውት መስሎኝ ልቤ ዘለለ። ለካ እህትየው አሁን ልጅቷን ልታቃጥላት ነው እያለች ስትጠብቅ ኖሯል! የእንጀራ እናት እስከ መጨረሻው ደግ ስትሆን ማን ያምናል አሉኝ። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ክፉ ካደረግሻት እናትመዋለን፣ ያለዚያ ግን ይቸግረናል አሉ።

እትዬ፣ መታተሙን ምን ያህል እንደምፈልገው ታውቂያለሽ። እቤት ገብቼ ሞከርኩ። ሴትየዋን ካውያውን አስነሳኋት፣ ልጅቷ ላይ አስፎከርኳት፤ እጄ ግን አልታዘዝም አለኝ። ልጅ ሳለሁ ብርድ ብርድ ሲለኝ ካውያሽን በፎጣ ጠቅልለሽ እግሬ ሥር ያደረግሽልኝ ትዝ አለኝ። ሄጄ አንዲት ቃል አልቀይርም፣ ጽሑፌን መልሱልኝ አልኳቸው።

አስተማሪው ጽሑፉን ሳይመልስልኝ ሴትየዋን ታውቂያታለሽ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። እሷ ናት ያሳደገችኝ አልኩት። ይህን ጊዜ እህቱ ሴትየዋን ሳትፈራት እንድትሰማት እንደገና ከመጀመሪያው እንዲያነብላት ለመነችው። እዚያው ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ካውያው ሲነሳ ሹራቧ ወደፊት ይሄዳል፤ አንድም ቦታ አልቆመችም። ሲያበቃ እንዳለ ይታተማል አሉኝ።

እህትየው እስከ በሩ ሸኘችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ልጅቷ ይህን ሁሉ ዘመን አብራት ኖራ ሴትየዋን ለምን እማዬ ብላ አትጠራትም አለችኝ። መጀመሪያ ኩርፊያ ነበር፣ በኋላ ግን አፍራ ነው አልኳት።

መጽሐፉ እንደወጣ የመጀመሪያው ላንቺ ነው የሚደርስሽ። እስከዚያው ወገብሽን አሳርፊው፣ አባዬን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ። ጤናና ዕድሜ አይንሳሽ፣ እማዬ።

ልጅሽ