ሠላሳ አንድ ደህና

ናዝሬት፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ መሐመድሰዒድ፣

ዛሬ እንደምን ሰነበትክ አልልህም። በዚህ ጥያቄ የደረሰብን ይበቃናል።

ከሐኪሙ ቢሮ የላካችሁት መልስ ደረሰኝ። «የናዝሬት ተማሪዎች በሙሉ ጤነኞች ስለሆኑ ኪኒን አልተመደበላቸውም» ይላል፤ የእጅ ጽሕፈቱ ደግሞ ያንተ ነው። ምን ነካህ ሰውዬ? ለሐኪሙ ጸሐፊ ሆነህ አዲስ አበባ ሳትገባ እነዚህን ልጆች አብረን አላስተማርናቸውም? ከክረምት ወዲህ ንዳድ ያልጣለው አንድ ልጅ ጥራ ብልህ አታገኝም።

ጥፋቱ ከመጀመሪያው ጥያቄህ ነው። ልጆቹን ልትመዘግብ የመጣህ ቀን ሐኪሙ የሰጠህን ወረቀት ዘርግተህ በየተራ «ጤናህ እንዴት ነው?» አልካቸው። ታዲያ ምን እንዲሉህ ነበር? ሠላሳ አንዱም ፈጣሪያቸውን እያመሰገኑ «ደህና» አሉህ። ጉተማ ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ፈያ፣ ገለተ ዋቃ» ሲልህ «ጤነኛ» ብለህ ጻፍክ። አዋሽ ወርደው እንደሚዋኙ፣ ሲሞቃቸው ደጅ እንደሚተኙ፣ ትምባሆ እንደሚቀማምሱ ሲነግሩህ ግን አንድም ሳታስቀር መዘገብክ። አንተ ራስህ ያኔ ድድህ አብጦ አፍህ አልከፈት ሲል «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ስትለኝ አልነበር? እንዴት እንደሳቅሁብህ ረሳኸው?

ጉተማ ከተኛ ዛሬ ስድስት ቀኑ ነው። እህል አይቀምስም። እናቱ ወይዘሮ ዘርፉ ትናንት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ።

«መድኃኒቱ መቼ ይመጣል፣ መምህር?» አሉኝ።

ወረቀታችሁን ኪሴ ውስጥ ጨምድጄ «በቅርቡ» አልኳቸው። ዋሸኋቸው።

በአንተ ብቻ አልፈርድም። ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም እሰማ ነበር። «ተው፣ እንደሱ አይጠየቅም» ማለት ነበረብኝ፤ ጓደኛዬን ልጆች ፊት ማረም ነውር መሰለኝና ዝም አልኩ። ዝምታዬ አሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።

በሚቀጥለው ባቡር ኪኒኑን ይዘህ ና። ሐኪሙን ለምነው፤ እምቢ ካለም ተጣላው። ወረቀቱን እንደገና እንሞላለን። «ትናንት ብርድ አንቀጠቀጠህ? ራስህን አመመህ?» ብለን እንጠይቃቸዋለን፤ ያኔ ይነግሩሃል።

የመጀመሪያውን መልስ እኔው ልስጥህ። ያን ቀን ባቡር ጣቢያ ስሸኝህ «አንተስ?» ብትለኝ «ደህና» ብዬህ ነበር። በዚያ ሙቀት ካፖርት የደረብኩት ለምን መሰለህ? ዛሬም ይህን የምጽፍልህ ተኝቼ ነው።

ደህና አይደለሁም፣ ወንድሜ።

መርዳሳ